ጎማ በእርግጫ

አሮጌ መኪና ሊገዛ ሄዶ መጀመሪያ ጎማውን በእርግጫ የሚመታ ሰው አላጋጠማችሁም? ጎማ ተመትቶ ምን ይናገራል? እኔን አትጠይቁኝ፤ ስመታ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ሐጂ ኡስማን ክሬን የተገጠመለት አሮጌ ካሚዮናቸውን አሰብ ወደብ በር ላይ አቁመው ጠበቁን። ያለ የሌለ ገንዘባችንን ያዋጣነው እኔና የሚስቴ ወንድም ተክሌ ነን።

«ጋሼ፣ ክሬኑ ከባድ ነገር ሲያነሳ እንየው እንጂ» አለኝ ተክሌ።

«መጀመሪያ ጎማ!» አልኩና ነጠላ ጫማ ማድረጌን ረስቼ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት።

ጎማው ዝም አለ። የጮህኩት እኔ ነኝ። አውራ ጣቴ ወዲያው አብጦ መቆም አቃተኝ።

«ያ ሰላም! አይዞህ ልጄ፣ ሐኪም ቤት አደርስሃለሁ» አሉ ሐጂ። በጭነት መረብ ጠቅልለው፣ በክሬኑ አንጠልጥለው ካሚዮኑ ላይ ጫኑኝ። ጫኝና አውራጁ ሁሉ ሥራውን አቁሞ አጨበጨበልኝ። ታዲያ አየር ላይ ተንጠልጥዬም ቢሆን ባለሙያነቴ አልተወኝም።

«ተክሌ፣ ክሬኑ አንደኛ ነው፤ ግዛው!» ብዬ ጮህኩ።

ተክሌ ገዛው። ጣቴ ድኗል። ክሬኑ ግን እስከ ዛሬ ከእኔ የከበደ ነገር አንስቶ አያውቅም፤ እኔ ደግሞ፣ ብታዩኝ፣ የአሰብ ነፋስ የሚወስደኝ ከሲታ ነኝ።