የእትዬ ውባለም አምስት እንግዶች

እኛ «እሺ» ማለት እንወዳለን። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብሎ የተረተ ሕዝብ ሌላ ምን ሊወድ ኖሯል? «እምቢ»ን የምናወጣት በዓመት አንዴ ነው፤ እሷንም አውጥተን፣ አራግፈን፣ ዐይተን መልሰን እናስቀምጣታለን። ሩቅ ሳትሄዱ እኔን ውሰዱኝ። የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። በእሺ ብቻ የሁለት ዕድር ጸሐፊና የአንድ ማኅበር ሙሴ ሆኛለሁ፤ የሰፈሩንም ስልክ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ኮምፒውተር የተማረ ወፍጮ አያቅተውም ተብሎ አንድ ጊዜ ወፍጮ ቤትም ተጠርቻለሁ። ሄጃለሁ። ወፍጮው እስከ ዛሬ አልተነሣም።

እምቢ ማለታችን ራሱ እኮ ሥርዓት አለው። ሰው ቤት ገብታችሁ «ብሉ» ስትባሉ መጀመሪያ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትላላችሁ፤ ይህን እምቢታ ነው ብሎ የሚያምን ባለቤት የለም። ሁለተኛ ትጠየቃላችሁ፣ ታንገራግራላችሁ። ሦስተኛው ላይ «በሞቴ» ትመጣለች፤ ከ«በሞቴ» በኋላ እጁን የማይታጠብ ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው። ሦስት ጊዜ የጠየቀ ባዶ እጁን አይመለስም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ሕግ የምናውቀው እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ኢንተርኔት ላይ ተንኮል የሚሠሩ ሰዎችም ደርሰውበት ኖሯል።

የደረሱበት ደግሞ በእትዬ ውባለም ቤት ነው። እትዬ ውባለም ስድስት ክፍል ያላት ማረፊያ አለቻቸው። ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጡ ፈረንጆች ከመውጣታቸው በፊት ያድሩባታል፤ ሲወርዱም ጉልበታቸው እስኪመለስላቸው ይተኙባታል። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሩ ላይ በቀይ ቀለም በፈረንጅ ፊደል «ዌልካም» ብለው ጽፈውበታል። እትዬ ከእንግሊዝኛ አጥርተው የሚያነቡት ያቺን አንዲት ቃል ነው፤ ለሌላው ፈገግታ ይበቃቸዋል። የተወለዱት ድብ ባሕር፣ መንገድ ዳር ካለ ቤት ነው። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለ ሁሉ «ቤት ለእንግዳ» እየተባለ ሲገባ አይተው አደጉ። አባታቸው የእንግዳውን ስም የሚጠይቁት እግሩን ታጥቦ፣ በልቶ ሲያበቃ ነበር አሉ። ከዚያ በፊት መጠየቅ ነውር ነው።

ከዚያ እነዚያ ዓመታት መጡ። በሽታው ገባ፣ እሱ ሳይወጣ ሌላው ተከተለ፣ ዝርዝሩን እናንተም አታጡትም፤ ብቻ መንገዱ ጭር አለ። ስድስቱ ክፍሎች በየሳምንቱ ይጠረጋሉ፣ አንሶላው ይለወጣል፣ የሚተኛበት የለም። አንድ ቀን አንሶላ ሲያሰጡ አግኝቻቸው ማን አቆሸሸውና ነው የሚያጥቡት ብላቸው፣ እንግዳ ነግሮ አይመጣም አሉኝ። እኔም ሳቅ ብዬ አለፍኩ። ያን ሳቄን አሁን ሳስበው ደስ አይለኝም።

ባለፈው ዓመት አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። እትዬ ቀስ ብለው፣ ሰላምታውን ሳያጓድሉ ነው የሚናገሩት፤ ያን ቀን ግን የልጆቼን ጤና እንኳ አልጠየቁኝም። ነገሩ እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት እሳቸው ቤት ያረፈች አንዲት የውጭ አገር መምህርት ስድስት ሰው አስከትላ ልትመጣ፣ አራት ሌሊትም ልታድር ነው። ደብዳቤ በኢሜይል ልካለች። ይህን የነገራቸው ጎንደር ያለ አስጎብኚ ሲሆን፣ እስከ ነገ ጠዋት በጽሑፍ «ተቀብያለሁ» የሚል መልስ ካልላኩ ሌላ ሆቴል እንደሚይዝ አስጠንቅቋቸዋል፤ አለቆቹ በአፍ የተባለ ነገር አያምኑም። ኮምፒውተሩ ደግሞ አልታዘዝ ብሏል። ደብዳቤውን ለመክፈት በሞከሩ ቁጥር የጫማ ማስታወቂያ ይመጣል፣ ቀጥሎ ቁማር፣ ቀጥሎ መላጣን ጸጉር የሚያበቅል ቅባት።

«ልጄ፣ ሰባት ሰው በር ላይ ቆሞ ቁልፉ ጠፋብኝ» አሉኝ።

ሄድኩ። ኮምፒውተሩን ያስገባችው ዳባት ያገባችው ልጃቸው ናት። ስትሄድ አንድ ምክር ብቻ ትታላቸዋለች፤ የሆነ ነገር ብቅ ብሎ ከጠየቀሽ እሺ የሚለውን ተጫኚው፣ ይሄዳል ብላለች። እትዬ ምክሩን እንደ አደራ ጠብቀውታል። ድረ ገጽ የሚታይበትን መስኮት ስከፍተው፣ አናቱ ላይ አምስት ቱልባር ተደራርቦ ተቀምጧል። ቱልባር ለማታውቁት፣ ከአንድ ነጻ ፕሮግራም ጋር ተዳብሎ የሚገባ፣ መስኮቱ አናት ላይ ተለጥፎ የሚቀር፣ እናንተ ወደ ፈለጋችሁበት ስትሉት እሱ ወደ ፈለገበት የሚወስዳችሁ ነገር ነው። አንዱ የአየር ጠባይ እነግራለሁ ይላል፤ አንዱ ቅናሽ፣ አንዱ ጨዋታ፤ አራተኛው «ኮምፒውተርዎ ታሟል፣ ላክምልዎ» እያለ ይለፍፋል፤ አምስተኛው እኔ ልፈልግልዎ ባይ ነው። ለደብዳቤ የተረፈው ቦታ አራት ጣት ቢሆን ነው።

እነዚህን ማን አስገባቸው አልኩ።

«እኔ ነኛ» አሉ ምንም ሳያፍሩ። «ጠየቁኝ፣ እሺ አልኳቸው። ያኛውማ ሦስቴ ነው የጠየቀኝ።»

አሁን እዚህ ላይ አንድ ባለሙያ «ሁሉንም ደምስሰህ እንደ አዲስ ጫነው» ይለኛል። አውቃለሁ፣ እኔም ለተማሪዎቼ የምለው እሱን ነው። ችግሩ የኢሜይሉን ፓስዎርድ ልጅቱ ረስታዋለች፣ እትዬ አያውቁትም፤ የሚያስታውሰው ያ ኮምፒውተር ብቻ ነው። እሱን ከደመሰስኩት ሰባቱ ሰዎች አብረው ይደመሰሳሉ። ስለዚህ አምስቱን አንድ በአንድ፣ ሌላውን ሳልነካ ማውጣት ነበረብኝ። የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፈትኩ። እንዲህ ያለውን ነገር በስሙ አትለዩትም፤ ስሙማ «ረዳት» ነው፣ «ጠባቂ» ነው፣ «ፈጣን» ነው። የምትለዩት በገባበት ቀን ነው። ዝርዝሩን በቀን ደረደርኩና ልጅቱ ከሄደች በኋላ የገቡትን ለየሁ፤ አምስቱም እዚያው ተሰልፈው ተገኙ።

እትዬ መቼ መቼ እንደገቡ ጠየቁኝ። የመጀመሪያውን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ ስነግራቸው ተነሡና የእንግዳ መዝገባቸውን ይዘው መጡ። የመጨረሻው እንግዳ የፈረመበትን ገጽ ገልጠው ፊቴ አስቀመጡት። ቆጠርኩት። ያ እንግዳ ከሄደ አርባ ቀን ሳይሞላ ነው የመጀመሪያው ቱልባር የገባው። የቀሩትም በየተራ፣ ቤቱ ባዶ በነበረበት ጊዜ ሁሉ ገብተዋል።

ማስወጣቱን ጀመርኩ። የመጀመሪያውን፣ ጨዋታ ባዩን፣ «ውጣ» ስለው አንድ ዕንባ ያቀረረ ቡችላ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ሥሩ ጽሑፍ አለበት። እትዬ ምን ይላል አሉኝ፤ እኔም ሞኝ፣ ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። «በእርግጥ ሊያሰናብቱን ነው? እንናፍቅዎታለን» ይላል አልኳቸው። እጄን ከማውሱ ላይ ያዙኝ።

«ተወው በቃ፣ አንድ እሱ ቢኖር ምን ይለናል?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ አጋጥሞኝ አያውቅም። ቡችላው የለም ብላቸው ሥዕሉን እያሳዩ አለ ይሉኛል። በመጨረሻ፣ ሰባቱን ሰዎች በር ላይ ያቆሙት እነዚህ ናቸው፤ እነሱ ካልወጡ እነዚያ አይገቡም አልኳቸው። ይህ ገባቸው። ትንሽ አሰቡና ማባረር እንደማያውቁበት፣ የሚያውቁት መሸኘት እንደሆነ፣ ያስገቡትንም ራሳቸው እንደሚሸኙ ነገሩኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበሩን ተቀበሉኝ።

ቡችላው «እርግጠኛ ነዎት?» አለ። አዎ የምትለዋ ቁልፍ ደብዝዛ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ አይ የምትለዋ አረንጓዴና ትልቅ ናት። አሳየኋቸው፣ ተጫኑ። እንደገና ጠየቀ። ተጫኑ። ሦስተኛው ላይ ጣታቸው አየር ላይ ቆመ። «እግዜር ይከተልህ» ብለው ተጫኑና ወጣ። የአየር ጠባዩ ቀላል ነበር፤ ለካ ያን ሁሉ ዘመን የሚነግራቸው የሌላ አገር ከተማ ሙቀት ኖሯል። ደባርቅ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ይላል። እሱ እንኳ ይሂድ፣ ውሸታም ነው ብለው ሸኙት። ቅናሽ ባዩም ሳያስቸግር ወጣ፤ ታመዋል ባዩን ደግሞ ሟርተኛ አሉትና ምርቃቱን አሳጠሩበት።

አምስተኛው ላይ ስንደርስ እጃቸውን ሰበሰቡ። ደብዳቤውን የሚያግደው ዋናው እሱ ነው፤ ኢሜይሉን ሲፈልጉ ወደ ማስታወቂያ የሚወስዳቸው እሱ ነው። ይህን ደጋግሜ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን አናቱ ላይ ያለችውን ጽሑፍ በጣታቸው እያሳዩኝ ነበር።

«ይኸው፣ ዌልካም ይላል» አሉ። «ጠዋት ስከፍተው ይለኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስል ኖሬ፣ በነዚህ ዓመታት ለኔ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

አንጀቴን በሉት። ቤቴ ከእሳቸው ቤት ሁለት መታጠፊያ ነው። በነዚያ ዓመታት ስንት ጊዜ በራቸውን እንዳንኳኳሁ ልቆጥር ሞክሬ ከአንድ እጅ ጣት አላለፈልኝም። ሰው ከጠራኝ ወፍጮ ቤት ድረስ እሄዳለሁ፤ እሳቸው ግን አልጠሩኝም፣ እኔም አልሄድኩም። እሺ ባይ ነኝ እያልኩ ስኮራ የኖርኩት ሰውዬ ያልተጠየቀውን የማያደርግ ሰው ኖሯል።

እሳቸው ከኔ በረቱ። ሰባት ሰው ቆሟል አሉ ለራሳቸው። ሦስት ጊዜ ጠየቃቸው፤ ሦስት ጊዜም አዎ አሉት። ሲጠፋ «ይቅር በለኝ» ብለው አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

የቀረው የኔ ሥራ ነበር። መስኮቱ ውስጥ የተሸሸጉ ተቀጥላዎችን ነቀልኩ፣ እነሱ የቀየሩትን የመክፈቻ ገጽ መለስኩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ኢሜይሉ ተከፈተ። መምህርቷ እንዲህ ብላለች፤ ያኔ ከተራራው እያነከሰች ስትወርድ አንዲት ሴት ስሟን እንኳ ሳትጠይቃት እግሯን በሙቅ ውሃ አጥባታለች፤ ጓደኞቿን ይዛ መምጣት የምትፈልገው እዚያ ቤት እንጂ ሌላ ቤት አይደለም። ተርጉሜ ስጨርስ እትዬ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ምን ብዬ ልመልስ አልኳቸው።

«ቤት ለእንግዳ በላቸው።»

እሱንም ጻፍኩ፣ አስጎብኚው የሚፈልገውን «ተቀብያለሁ፣ ሰባት ሰው፣ አራት ሌሊት» የሚለውንም ጨመርኩበት። በማግስቱ ጠዋት ክፍሎቹ እንደተያዙ ከጎንደር ተደወለላቸው። ሰባቱም መጡ፤ ሁለት ሌሊት ከተራራው በፊት፣ ሁለት ሌሊት ከተራራው በኋላ አደሩ። አንሶላው በመጨረሻ በደንብ ቆሸሸ።

እኔ ግን ያን ረቡዕ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ሠርቼ ነበር። መስኮቱ ሲከፈት የምትመጣ አንዲት ተራ ገጽ አበጀሁላቸው፤ በአማርኛ «እንደምን አደሩ እትዬ ውባለም፣ እንኳን ደህና መጡ» ትላለች፤ ሌላ ምንም የለባትም። እንግዶቹ በሄዱ በሳምንቱ እትዬ ደወሉልኝ። ያ የሠራኸው ሰላም ይለኛል፣ ከዚያ ዝም ይላል አሉኝ። ደኅና ገጽ እንደዚያ ነው፣ ምንም አይጠይቅም ብዬ አስረዳኋቸው። አልተዋጠላቸውም። እንግዳ ምንም ካልጠየቀ ከፍቶታል ማለት ነው ብለው ተጨነቁ።

ሄጄ ከሰላምታው ሥር «ልግባ?» የሚል ጥያቄና «እሺ» የምትል ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ጨመርኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ይጫኗታል። ቁልፏ ምን እንደምትሠራ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም፤ ለናንተ ልንገራችሁ። ሲጫኗት የኔ ስልክ ላይ አንዲት አጭር መልእክት ትመጣለች፤ እትዬ እንደተነሡ፣ ደኅና እንዳደሩ በዚያ አውቃለሁ። እንግዲህ አምስት አስወጥቼ ስድስተኛው፣ ሳላስፈቅድ የገባሁት፣ እኔው ነኝ።

መልእክቷ እስከ ሦስት ሰዓት ካልመጣች፣ የማስተምረው ክፍል ከሌለኝ እሮጣለሁ፤ ካለኝም ለተማሪዎቼ ሥራ ሰጥቼ እወጣለሁ። ሁልጊዜም የማገኛቸው በሩ ላይ ነው። ምነው በደኅና ነው ይሉኛል፤ ሳልፍ ነው እላለሁ፤ ግባና ቅመስ ይሉኛል፤ በልቼ ነው የመጣሁት እላለሁ፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ለካስ መብራት ጠፍቶ ነው። ደባርቅ ላይ ደግሞ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ ስለዚህ እኔም ቶሎ ቶሎ እሄዳለሁ።