ሌባው ሽማግሌ ላከ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ዓለም ተገልብጣ፣ ሳያስፈቅዱ መስረቅ ነውር ሆኖ አየሁ። ሌቦች ክራቫት አስረው በየሱቁ ደጃፍ ተሰልፈዋል። ባለሱቆቹ ዛሬ ደግሞ ማን ይመጣልን ይሆን እያሉ ደጁን ይጠርጋሉ። አንዷ ነጋዴ የአንዱን ሌባ እጅ ይዛ ትለምናለች። ሲሰርቃት ኢንተርኔት ጠፍቶ ስለነበር ቪዲዮው አልተላከም፤ አሁን ኔትወርክ መጥቷልና እባክህ እንደገና ስረቀኝ ትለዋለች። እሱ ሰዓቱን አየና ቀጠሮ አለብኝ አላት።

እኔ የቆምኩት በእትዬ ብርዛፍ ጨርቅ መሸጫ ውስጥ ነው። ካሜራዎቹን የገጠምኩላቸው እኔ ነኝ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም እንዲያርመኝም አልወድም። በውኔ እትዬ ብርዛፍ፣ ቪዲዮው እዚህ ሳጥን ውስጥ ብቻ ከሚቀር በኢንተርኔትም ወደ ሩቅ ማከማቻ ቢላክ፣ ሁለቱንም ብናደርግስ ብለውኝ ነበር። ይሄማ ሁለት ባል ማግባት ነው ብዬ በሠራተኞቻቸው ፊት አሳቅኩባቸው። መቅጃውን ሳጥን ብቻ ገጥሜ ከጨርቅ ጣቃዎቹ ኋላ ሸሸግኩት። እሳቸው ደግሞ አቧራ እንዳይነካው ብለው ዳንቴል አለበሱት።

በሕልሜ ያ ዳንቴል ይተነፍሳል። ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከሥሩ ትኩስ አየር ይወጣል። ልገልጠው እጄን ስሰድ ካሜራዎቹ ሁሉ ከበሩ ወደ እኔ ዞሩ።

ይሄኔ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። ተቀመጡ ቢባሉ፣ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም አሉ።

"ልጃችን ሱቃችሁን ሊሰርቅ ፈቃዳችሁን ይለምናል" አሉ ትልቁ። "ጨዋ ነው። በር አይሰብርም።"

እትዬ ብርዛፍ አቀርቅረው የማን ዘር እንደሆነ ጠየቁ። ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ ሁሉም ሌባ ነው። ፊታቸው በራ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "የኔ ልጅ፣ ቪዲዮው የት ነው የሚያድረው?"

ሩቅ ብቻ የሚያድር ከሆነ ልጃቸው ኔትወርክ እስኪጠፋ ይጠብቃል። ቤት ብቻ ከሆነ ሳጥኑን አቅፎ ይወጣል። ሁለቱም ጋ ከሆነ ግን አፍሮ ይቀራል፣ ሽምግልናውም ይፈርሳል። ይህን ሁሉ ሳይደብቁ ነገሩኝ። ሁለቱም ጋ ልል አፌን ከፈትኩ። በደጅ ሴቶች ሁለት ሁለት ባል አስከትለው ያልፋሉ፣ አንዱ የቤት፣ አንዱ የሩቅ፤ እኔን እያዩ ይሳሳቃሉ። እንዲህ ስጨነቅ ኩራቴ ቀደመኝ።

"ቤት ብቻ" አለ፣ በገዛ ድምፄ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እልልታው ቀለጠ።

እልልታው ስልኬ ነበር። ነግቷል። የደወሉት እትዬ ብርዛፍ ናቸው፤ ሱቃቸው ተሰርቋል። በሩ አልተሰበረም፣ ሐር ሐሩ ተመርጦ ተወስዷል፣ ሳጥኑም የለም።

"ዳንቴሉን ግን አጣጥፎ ባንኮኒው ላይ ትቶልኛል" አሉኝ።

ከኋላቸው የወንዶች ድምፅ ይሰማል።

"ልጄ፣ ሳጥኑ ከጣቃው ኋላ እንዳለ ከእኔና ከአንቺ ሌላ ማን ያውቅ ነበር? ፖሊሶቹ ናቸው ጠይቂያት ያሉኝ።"

እኔ ሌሊት እዚያ እንዳልነበርኩ ያየው ሳጥኑ ብቻ ነው።