ከአንድ አንደኛ

እኔ የምለው፣ «ልጅህ ስንተኛ ወጣች?» ሳይል ስልክ የሚዘጋ አበሻ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። የእናቴማ ለብቻው ነው። ከአዲስ አበባ ስትደውል ጤናዬን በአንድ ቃል ታልፈውና በቀጥታ ወደ ደረጃ ትገባለች።

ችግሩ፣ ልጄ ሶስና ትምህርት ቤት አትሄድም። እዚህ አሜሪካ ልጅን ቤት ማስተማር ይፈቀዳል፤ ክላርክስተን ከተማ ባለው አፓርታማችን፣ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ጠዋት ጠዋት የማስተምራት እኔ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ታክሲ እነዳለሁ። ሰባት ዓመት ሞላት፣ ማንበብ የለም። በረንዳው ላይ ጉንዳን ፍርፋሪ ሲጎትት ስታይ ትውላለች፤ አንድ ፍርፋሪ ለስንት ጉንዳን እንደሚከብድ ጠይቋት። ፊደል ሳወጣ ግን ውሃ ይጠማታል።

ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ልጅ በራሱ ጊዜ ነው የሚማረው፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እላለሁ። ብቻዬን ስሆን እንቁላሉን አየዋለሁ፤ እግር የሚባል ነገር የለውም። ልጄን በገዛ እጄ ባበላሻትስ? እፈራ ነበር፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

እናም አንድ ቀን እናቴ ደውላ ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቀኝ «አንደኛ» አልኳት። ዋሸሁ እንዴ? ክፍሉ ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ከስንት እንደሆነ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። እናቴ ድፎ ዳቦ ደፍታ ጎረቤት ጠራች አሉ።

ከዚያ ቪዛ አገኘችና መጣች።

በሦስተኛው ቀን ከፋርማሲ ያመጣሁላትን የጉልበት መድኃኒት ሶስና ፊት አስቀምጣ፣ «አንቺ አንደኛ፣ እስቲ አንብቢልኝ» አለቻት። ሶስናም ምንም ሳታፍር፣ «ኖ እማማ፣ ሪድ ማድረግ ገና አልቻልኩም» አለች። እኔ ፍሪጅ ከፍቼ ጭንቅላቴን አስገባሁ። የምፈልገው ነገር አልነበረም።

«ለመሆኑ ከስንት ተማሪ ነው አንደኛ የወጣችው?» አለችኝ እናቴ።

ከአንድ አልኳት፣ እዚያው ፍሪጁ ውስጥ እንዳለሁ። ቁጣ ስጠብቅ፣ አንተም እኮ ሦስተኛ ክፍል እስክትደርስ አንዲት መስመር አታነብም ነበር አለችኝ። እኔ? ሰፈሩ ሁሉ «ጎበዝ ልጅ» እያለ ያሳደገኝ?

«ሰፈሩ የሚያውቀው እኔ የነገርኩትን ነው» አለች።

እንዴት እንደቀለለኝ አልነግራችሁም። ፍሪጁን ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከጠረጴዛው ተሰየመች፤ ኤቢሲዲ ልትማር። ሶስና ከእሷ የባሰ ተማሪ ስታገኝ ያ ሁሉ የውሃ ጥም ጠፋ። አያቷ የረሳችውን ፊደል አሳያለሁ ስትል ራሷ ትይዘዋለች። እኔም አላጣደፍኳት። መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ያንኑ የመድኃኒት ጠርሙስ አንስታ፣ «ቴክ... ዊዝ... ፉድ» አለች። ዞር ብላም «እማማ፣ ከምግብ ጋር ነው» አለቻት። እኔ መቶ ጊዜ ብነግራት የማትሰማኝ እናቴ፣ በዚያን ቀን ቁርሷን በልታ ዋጠችው። እኔም እፎይ አልኩ፤ ዓይኔም ትንሽ ረጠበ።

እናቴ ልትመለስ ሳምንት ሲቀራት፣ ፈተና ሳልፈተን ንቅንቅ አልልም አለች። ሁለቱንም ፈተንኳቸው። ውጤት ሲነገር እናቴ፣ ወረቀቴ እንደገና ይታረምልኝ ብላ ተከራከረች። ግማሽ ማርክ ጨመርኩላት፣ ደረጃው ግን አልተለወጠም። ከዚያ ስልኳን አንስታ ጎረቤቶቿ ጋ ደወለች።

«አሜሪካ ተምሬ ሁለተኛ ወጣሁ» ስትላቸው ሰማኋት። ከስንት እንደሆነ አልጠየቋትም፣ እሷም አልተናገረችም።