ያለ ሰላምታ የማያሳልፉት አያ ታሂር

በየትኛውም መሥሪያ ቤት ሂዱ፣ ሰውን ከመንገዱ ላይ የሚያቆም አንድ ሰው አይጠፋም። ደመወዝ የሚከፈለው ለሌላ ሥራ ነው፤ እውነተኛ ሥራው ግን ሰላምታ ነው። እሱ እጅ የወደቀ ሰው «እንዴት አደርክ» ተብሎ፣ «ደህና» ብሎ አይገላገልም። ስለ እናቱ ይጠየቃል፣ ስለ እህቱ ባል ይጠየቃል፣ አምና ታማ ስለነበረችው ላም ይጠየቃል። ቸኩያለሁ ማለትም አያዋጣም። የሚቸኩል ሰው መቼም ችግር አያጣውምና፣ ስለ ችግሩ ደግሞ እንደገና ይጠየቃል።

ቆቦ ከተማ ዳር ባለው ኮሌጅ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አያ ታሂር ናቸው። መዝገብ ላይ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ተብለው ነው የተጻፉት። ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ረጅም፣ ሽርጥ ለባሽ፣ ፎጣ ከትከሻቸው የማይለይ የራያ ሰው ናቸው። ችግኝ ጣቢያው ከዋናው በር ወደ ቢሮዎቹ በሚወስደው መንገድ እኩሌታ ላይ ስለሆነ፣ እሳቸው ሳያዩት የሚያልፍ የለም። እጅ ከጨበጡ ጥያቄው ሳያልቅ አይለቁም።

«እንዴት አደርክ? ደህና አደርክ ወይ? ቤቱ ደህና ነው? እናትህ ደህና ናቸው? ወንድምህስ? በሬውስ? ዝናብ ጣለላቸው?»

በየመልሱ መካከል አንድ «አልሐምዱሊላህ» አለ። የመምህሩን ሁሉ ቤተሰብ፣ የአንዳንዱን ከነክርስትና ስሙ፣ በቃላቸው ይዘውታል።

የእንስሳት ሳይንስ ክፍል ኃላፊው መምህር ገዛኸኝ ከላስታ ደጋ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። ለአያ ታሂር መፍትሔ አግኝቶላቸው ነበር፤ ሞተር ሳይክል። ችግኝ ጣቢያው አጠገብ ሲደርስ ነዳጅ ይሰጣል፣ አንድ እጁን ያነሳል፣ አቧራውን ትቶላቸው ይሄዳል። እጅ ማንሳትም ሰላምታ ነው ይላል ለራሱ። ከሰኔ ወዲህ ግን እሱንም ትቶታል።

በሰኔ ሚስቱ ሜሮን የስድስት ዓመት ልጃቸውን አስረሳሽን ይዛ፣ ለአንድ ሳምንት ብላ ወልድያ እናቷ ቤት ሄደች። ሳምንቱ አለፈ፣ ክረምቱም አለፈ። ሲደውልላት «እዚህ ቢያንስ የሚያናግረኝ ሰው አለ» አለችው። ገዛኸኝ ይህን ለማንም አልተነፈሰም። ጎረቤት እንዳይጠረጥር ለሦስት ሰው የሚሆን ዳቦ ገዝቶ ይገባል፤ እንጀራ የምታቀርብለትን ሴትም ልኩን አትቀንሺ ብሏታል። በቆቦ ከተማ የሚፈራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቤተሰቡን ስም በቃሉ የያዘውን ሰው።

በ2006 ዓ.ም. መስከረም፣ የአዲሱ ዓመት ትምህርት በተጀመረ በሳምንቱ፣ አንድ ባጃጅ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የአንዲት ተማሪ እግር ላይ ወጣ። የኮሌጁ ዲን ወዲያው ኮሚቴ አቋቋሙ። ስሙ ረጅም ነው፤ «በግቢ ውስጥ ተሽከርካሪን የመቀነስ፣ በእግርና በብስክሌት መንቀሳቀስን የማበረታታት ኮሚቴ»። በስብሰባው ላይ ትንፍሽ ያላለው ገዛኸኝ ብቻ ስለነበር፣ አልተቃወመም ተብሎ ሰብሳቢ ሆነ። ፒክአፕ፣ ሞተርና ባጃጅ ከዋናው በር አያልፉም የሚለውን ማስታወቂያ በገዛ እጁ ፈረመ። አስራ ሁለት ሳይክሎች መጡ። እሁድ ዕለት ገዛኸኝ ብቻውን መንገዱን በእግሩ ለካው። ከበር እስከ ቢሮ አስራ ሁለት ደቂቃ ሆነ፤ ሪፖርቱ ላይ አሰፈረው።

ሰኞ ዕለት ሃምሳ ደቂቃ ፈጀበት።

አያ ታሂር የዚያን ቀን የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፍቷቸው ነበር። አስር ዓመት ሙሉ በመኪና መስኮት ብቻ ያዩአቸው ሰዎች በእግራቸው ወደ እሳቸው እየመጡ ነው። ዲኑን ተማሪ ፊት አቁመው ስለ ጨጓራቸው ጠየቋቸው። ሳይክል ያድናል ያሉም ነበሩ። የቤተ መጻሕፍቷ አልማዝ አንድ ጠዋት በሳይክል እየበረረች ስትመጣ፣ አያ ታሂር ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መሐል መንገድ ላይ ተገተሩ። አልማዝ የፓፓያው ችግኝ ላይ ሄዳ ወደቀች።

«ወይኔ ልጄን! ተረፍሽ?» አሉ እያነሷት። «አልሐምዱሊላህ። እናትሽስ ደህና ናቸው?»

በሁለት ሳምንት ውስጥ ኮሚቴው ሰላሳ አንድ ማመልከቻ ደረሰው። አንዱ ጉልበቱን፣ አንዱ የቆቦን ፀሐይ፣ አንዱ የጫማውን ሶል እያመካኘ ሞተሩ እንዲፈቀድለት ይማጸናል። የአያ ታሂርን ስም ያነሳ ግን የለም። ሰላምታ በዛብኝ ብሎ የሚፈርም ማን አለ?

የገዛኸኝ ጭንቅ ከሁሉም የባሰ ነበር። በየማለዳው የበሬው ነገር ከመነሳቱ በፊት ሁለቱ ስሞች ይመጣሉ።

«ሜሮንስ?»

«ደህና ናት።»

«አስረሳሽስ? ትምህርት ጀመረች?»

«ጀመረች፣ ደህና ናት።»

እጁ በሳቸው ሻካራ እጅ ውስጥ እያለ መዋሸት ከበደው። በከብቶቹ በረት በኩል ዞሮ ለመግባት ሞከረ፤ እበት ውስጥ ገብቶ ሲወጣ፣ አያ ታሂር ለችግኝ የሚሆን ፍግ ሊወስዱ መጥተው እዚያው አገኙት። በመጨረሻ ደብዳቤ አረቀቀ። አቶ ታሂር ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል በዋጃ መንገድ ወዳለው የመስኖ ማሳ ተዛውረዋል ይላል። ጸሐፊዋ ሰልዋ ጽፋ አመጣችለትና ከጠረጴዛው ሳትርቅ ቆመች።

«አያ ታሂርን ነው?»

«ሥራ ነው፣ ሰልዋ።»

«እሺ» አለች። ማኅተሙን ግን ይዛው ወጣች።

በማግስቱ ማለዳ ገዛኸኝ ገና ከቤት ሳይወጣ ሜሮን ደወለች። አስረሳሽን ወልድያ ትምህርት ቤት አስገብታታለች። ያች የአንድ ሳምንት ጉዞ መመለሻ እንደሌላት ቁርጡን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ስልኩን ኪሱ ከቶ መንገድ ጀመረ።

«እንዴት አደርክ ወንድምዬ? እናትህ ደህና ናቸው? ሜሮንስ? አስረሳሽስ?»

«የሉም አያ ታሂር» አለ። «ከሰኔ ጀምሮ ቤት የሉም። ትተውኝ ወልድያ እናቷ ቤት ሄደዋል።»

ኮሌጁ ከተቋቋመ ጀምሮ አያ ታሂር ቃል ሲያጡ የታየው ያን ቀን ነው።

«አብሽር» አሉ ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አብሽር ወንድሜ፣ አይዞህ።»

እጁን ሳይለቁ እስከ ቢሮው በር ድረስ አብረውት ሄዱ። ገዛኸኝ ገብቶ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ዳግም አላወጣውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እናቱ ይጠይቁታል፣ ስለ ወንድሙ ይጠይቁታል። ሁለቱ ስሞች ጋ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ዋጥ ያደርጉና ወደ በሬው ያልፋሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ገዛኸኝ ተገላገልኩ ብሎ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ያ ጥያቄ ይናፍቀው ጀመር። ለካ በቆቦ ምድር የሚስቱና የልጁ ስም ሲጠራ የሚሰማው እዚያ መንገድ ላይ ብቻ ኖሯል። አሁን እዚያም ቀረ። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ «አስረሳሽ!» ብሎ ተጣራ፤ ስሟን መስማት ብቻ ነበር የፈለገው። የገዛ ድምፁ አስደነገጠው።

አንድ ሰኞ ደግሞ አያ ታሂር ከቦታቸው ጠፉ። ሰው ሁሉ በአስራ ሁለት ደቂቃ ቢሮው ገባ፤ ደስ ያለው ግን አልነበረም። «አሟቸው ይሆን?» ሲባባሉ ዋሉ። ችግኙን ውሃ ያጠጣችው አልማዝ ናት።

ማክሰኞ ጠዋት ግን ገና ከሩቅ ቆመው ገዛኸኝን ሲጠብቁት አያቸው።

«ወልድያ ሄጄ ነበር» አሉት።

የገዛኸኝ ፊት ተለዋወጠ። «ማን ላከዎት? ሽማግሌ ሁኑልኝ ያለዎት ማን ነው?»

«ማንም አላለኝ። ሽማግሌም አልሆንሁ። ሁለት ሰው ዘልዬ ሰላም ማለት አቃተኝ። ደህና ይሁኑ አይሁኑ ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ልለፋቸው? ሄጄ ጠየቅኋቸው፣ በቃ።»

ገዛኸኝ ቁጣውን ትቶ ቀረባቸው።

«ደህና ናት» አሉ አያ ታሂር። «ልጅቱም ደህና ናት፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ተመለሺ አላልኋትም። እንደማትመለስ ግን ራሷ ነገረችኝ፤ አልደብቅህም። ስለ አንተ ጠየቀችኝ። አሁን በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ሰውም ያናግራል አልኋት።»

«ምን አለች?»

«‹ገዛኸኝ? በእግሩ?› ብላ ሳቀች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ቆየች።»

ገዛኸኝ መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሠራተኛው ሁሉ የሚገባበት ሰዓት ነበር። አያ ታሂር ፎጣቸውን ዘርግተው፣ ሰው እንዳያየው ፊቱ ቆሙ። ዲኑ አለፉ፣ አልማዝ አለፈች፣ ሰልዋ አለፈች፤ አያ ታሂር አንዳቸውንም ሰላም አላሉም።

ረቡዕ ጠዋት ከገዛኸኝ ኋላ አራት ሰው ተራ ይጠብቅ ነበር። እጁ እንደ ወትሮው ተያዘ። ስለ እናቱ ተጠየቀ፣ ስለ ወንድሙ ተጠየቀ።

«ሜሮንስ?» አሉ አያ ታሂር፣ እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው።

ከኋላ ሰልዋ ቀና አለች። አልማዝ የሳይክሏን ደወል በእጇ አፈነችው።

«ደህና ናት» አለ ገዛኸኝ፣ ከኋላው ያሉት ሁሉ እንዲሰሙት አድርጎ። «ወልድያ ናት። ከእንግዲህ እዚያ ነው የምትኖረው። አስረሳሽም ከሷ ጋር ናት፤ ጥርሷ ወልቋል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ቀጠሉ።

ያን ቀን ገዛኸኝ ክፍል የገባው ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ነው። ከኋላው የነበሩት አራቱ ተራ በተራ እጁን ይዘው፣ የወለቀው የላዩ ነው የታቹ እያሉ ስለ ልጅቱ ጥርስ ጠየቁት፤ ለእያንዳንዳቸው ቆሞ መለሰላቸው።