የጋሽ ገድሉ አርባ ኪሎ ሜትር

ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት መንዳት የማይችል ሰው ተፈልጎ ይገኝ ይሆናል፤ ስለ ብስክሌት መምከር የማይችል ግን ገና አልተወለደም። የነዚህ መካሪዎች ሁሉ የበላይ፣ የፋሲሎ ሰፈር ሊቀ ሊቃውንት፣ ክቡር ጋሽ ገድሉ ናቸው።

ጋሽ ገድሉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሲሆኑ ዕድሜያቸው ሃምሳ አንድ ነው። ከሥራ ሲወጡ ወደ ቤታቸው ከመግባታቸው በፊት ሰላህ ብስክሌት የሚጠግንባት ደጃፍ ላይ በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመታቸው። በዚያ የሚያልፍ ብስክሌት ሳይመረመር አያልፍም። "አንተ! ኮርቻህ ዝቅ ብሏል፣ ጉልበትህን ትጨርሰዋለህ!" "እመቤት፣ በተረከዝ አይደለም የሚረገጠው!" ጎማ ሊያስነፋ የቆመ ሰው ካገኙማ ጎማው እስኪሞላ ድረስ ስለ ነፋስ አቅጣጫ፣ ስለ ትንፋሽ አወጣጥ፣ ከውድድር በፊት ስለሚበላ ምግብ ያስረዱታል። ሰውየው የሚሄደው ወፍጮ ቤት ነው። የትምህርቱም መዝጊያ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ነገሩ የጉልበት አይደለም፤ የሂሳብ ነው።"

ሰላህ ታጋሽ ሰው ነው። ብሎን በጥርሱ እንደያዘ "ልክ ነዎት ጋሼ" ይላቸዋል። ጥርሱ ላይ ብሎን በሌለበት ቀንም ያንኑ ይላቸዋል።

አንድ ቅዳሜ ርሆቦት መጣች። ፔዳ ከሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የምትማር፣ ጠዋት ጠዋት በጎንደር መንገድ እስካለችው ሐሙሲት ደርሳ እየተመለሰች የምትለማመድ፣ ከልቧ የምትወዳደር ልጅ ናት። የመጣችው ፍሬኗን ልታስጠብቅ ነበር። ጋሽ ገድሉ ግን ፍሬኑን አልፈው ወደ ባለፈው ውድድሯ ገቡ።

"ሦስተኛ የወጣሽው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የዓባይ ድልድይ ላይ ቀድመሽ ወጣሽ። አምስት ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ከሰው ጀርባ መደበቅ ነበረብሽ።"

ርሆቦት አንገቷን ዝቅ አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ ያለ አንዳች ተንኮል፣ ለማወቅ ብቻ ፈልጋ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ስንት ጊዜ ተወዳድረዋል?" አለቻቸው።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ሰላህ እንኳ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጋሽ ገድሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መንገዱን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ።

"እኔማ…" አሉ፤ "እኔማ ለሚመጣው ውድድር ተመዝግቤያለሁ።"

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ከሁሉም አብልጠው የደነገጡት ራሳቸው ናቸው።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ከቢሮ አስፈቅደው ወደ ውድድሩ መመዝገቢያ ሄዱ። መዝጋቢው እስክሪብቶውን አንሥቶ "የልጅዎ ስም ማን ነው?" ብሎ ጠየቃቸው። "የእኔን ጻፍ" አሉት። ቀና ብሎ አያቸውና በአማተሮች ዝርዝር በቀረችው የመጨረሻ ቦታ፣ ስልሳ ሁለተኛው ላይ ጻፋቸው።

ሰላህ የድሮ ብስክሌታቸውን የጭቃ መከላከያ ፓርፋንጎና የዕቃ መጫኛ አውልቆ፣ ጎማውን ቀይሮ፣ ኮርቻውን ከፍ አደረገላቸው። ጋሽ ገድሉም ለሦስት ሳምንት ሰው ሳይነሣ በሐይቁ ዳር መንገድ ተለማመዱ። ሲመለሱ ደረጃ የሚወጡት ግድግዳ ይዘው ነበር። መሸነፉ አላስፈራቸውም፤ ያስፈራቸው ከዚያ በኋላ ያቺ በርጩማ ናት። ምን ብለው ይቀመጡባታል? ማንስ ይሰማቸዋል?

የውድድሩ እሑድ ደረሰ። መንገዱ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ በጎንደር መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ ነው። ርሆቦት የራሷ ውድድር ሌላ ቀን ስለነበር ልታበረታታቸው መጥታ፣ ቁጥራቸውን ጀርባቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ ስታያይዝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ጋሼ፣ ምዝገባው የተከፈተው እኮ ሰኞ ነው። እርስዎ የነገሩኝ ቅዳሜ ነበር" አለቻቸው።

ጋሽ ገድሉ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። "ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አልሽ?"

"እንዳይቀሩ ብዬ።"

የማስጀመሪያው ባንዲራ ወረደ። ምን ማድረግ እንዳለባቸው ከጋሽ ገድሉ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ከሰው ጀርባ መደበቅ ነው። ተደበቁም። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ግን የመዝገብ ቤት ባልደረቦቻቸው፣ የፋሲሎ ጎረቤቶቻቸው፣ ምክራቸውን የጠገቡት ሁሉ ግራና ቀኝ ቆመው "ጋሽ ገድሉ! ጋሽ ገድሉ!" እያሉ ይጮኻሉ። ይህን ሰምቶ ማን ይደበቃል? ፔዳሉ ላይ ቆመው ተፈተለኩ። አንዱን አለፉ፣ አሥሩን አለፉ፣ ሁሉንም አለፉ። ዓባይ ላይ፣ ለሁለት መቶ ሜትር ያህል፣ ከስልሳ ሁለት ሰው አንደኛ ነበሩ። እንዲህ ያለ ደስታ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው አይተው አያውቁም።

ከድልድዩ ማዶ መንገዱ ላይ ካለችው ዘንዘልማ ሳይደርሱ ደስታው አለቀ፤ ትንፋሻቸውም አብሮ። በመጀመሪያ በመንጋ አለፏቸው፣ ከዚያ ሦስት ሦስት እየሆኑ፣ በመጨረሻ አንድ ወፍራም ሰው ብቻውን እያፏጨ አለፋቸው። ከኋላ የቀረችው የደከመውን የምትሰበስበው ፒክአፕ ብቻ ናት። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣

"አባት፣ መኪናው ላይ ይውጡ፤ ውሃም አለን" አላቸው።

"ሂድ አንተ! ገና ምኑ ተነካና!"

አሥራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ሰው ከመንገዱ ዳር ብስክሌቱን ገልብጦ ተቀምጦ አገኙ። ዓምደ ሚካኤል ይባላል፤ በሐይቁ ላይ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሰው የሚያመላልስ የጀልባ ነጂ ነው። ለሱም የመጀመሪያ ውድድሩ ነው። ጎማው ፈንድቷል። መለወጫ የውስጥ ጎማ ይዟል፤ እንዴት እንደሚለወጥ ግን አያውቅም።

"ጋሼ፣ ይችሉበታል?"

ለዚህ ጥያቄ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀዋል። "መቻል! ዞር በል!" ብለው ወረዱ።

የጎማ አወላለቅን ከሥር ከመሠረቱ አስረዱት። ማብራሪያው አንድ እንከን አልነበረበትም። እጃቸው ግን እምቢ አለ። ሰላህ ሲሠራ ሺህ ጊዜ አይተዋል፤ አንድም ቀን መፍቻውን ነክተው አያውቁም። ጣታቸውን ቆነጠጣቸው፣ ጎማው ተጣመመ፣ ሲያስገቡት በሌላ በኩል ወጣ። የፒክአፑ ሾፌር ወርዶ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ይመለከታል።

ዓምደ ሚካኤል ጥቂት ታገሠና፣ "ጋሼ፣ በውነት ሠርተውት ያውቃሉ?" አለ።

ጋሽ ገድሉ ላባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። "አላውቅም" አሉ።

ሰማዩ አልተደረመሰም። እንዲያውም ትከሻቸው ቀለል አላቸው። "እጅ ያንተ ይሁን፤ እኔ ልንገርህ" አሉት። ገመድና ሞተር የለመደው የጀልባ ነጂ እጅ የተባለውን አደረገ፣ ጎማው ገባ፣ ነፉትና ተነሡ።

ከመዞሪያው ሲመለሱ ነፋሱ ፊት ለፊት ገጠማቸው። አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው እየቀደመ ነፋሱን ተካፈሉት።

"ለምን ገባህበት?" አሉት ጋሽ ገድሉ።

"ውኃ ላይ የሚቀድመኝ የለም። እስቲ የብሱን ልየው ብዬ ነዋ። እርስዎስ?"

"እኔ ዋሽቼ ነው የገባሁበት።" የርሆቦትን ነገር ከነጀርባ ቁጥሩ አጫወቱት። ዓምደ ሚካኤል ከመሣቁ የተነሣ ወደ ቦይ ሊገባ ለጥቂት ዳነ።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ሽልማቱ ተሰጥቶ አልቋል፣ ድንኳኑ እየተጠቀለለ ነው። መድረሻው መስመር ላይ የቀሩት ሰዓት የያዘው ዳኛ፣ ርሆቦትና ሰላህ ብቻ ናቸው። ለመስመሩ ሁለት ክንድ ሲቀራቸው ጋሽ ገድሉ ፍሬን ያዙና አንድ እግራቸውን መሬት ላይ አደረጉ።

"ቅደም" አሉ።

ዓምደ ሚካኤልም ቆመ። "ኧረ በስማም! እርስዎ እያሉ?"

"ጎማህ ባይፈነዳ እኮ ድሮ ገብተሃል። ቅደም ብዬሃለሁ።"

"እርስዎ ለኔ ብለው ባይወርዱ ድሮ ገብተዋል። አልቀድምም።"

"በሞቴ ልጄ፣ ቅደም!"

"በእመቤታችን ጋሼ፣ አያስቸግሩኝ!"

ዳኛው ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ። "ሰዎች፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው! ይህ እኮ ውድድር ነው!" አለ። የሰማው የለም። አንዱ መሪውን ያዞራል፣ ሌላው ኋላ ኋላ ይገፋል። ርሆቦት ሆዷን ይዛ እየሣቀች ቁጢጥ አለች።

በመጨረሻ ሰላህ ከኋላቸው መጣ። ቅባት የነካው አንድ መዳፉን በጋሽ ገድሉ ጀርባ፣ ሌላውን በዓምደ ሚካኤል ጀርባ ላይ አደረገና ሁለቱንም እኩል ገፋቸው።

በዚያ ውድድር የውጤት ወረቀት ላይ ስልሳ አንደኛ የወጡ ሁለት ሰዎች አሉ። መጨረሻ የወጣ ሰው የለም።