የዘንዶ ምድር በምን ይገበያይ?

ቀን፦ ቅዳሜ ሰኔ 10 ቀን 2015 ዓ.ም.
ቦታ፦ ጂንካ፣ ከወጣቶች ማዕከሉ ጀርባ ያለው ክፍል
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡40

የተገኙ፦
መምህር ጸጋዬ፣ የታሪክ መምህር፣ ሰብሳቢ
አቶ አቤኔዘር፣ የኮምፒውተር መምህርና የጨዋታው ፈልሳፊ፣ አባል
ወ/ሮ ሐቢባ፣ ፋርማሲስት፣ አባል
አቶ ዶላሞ፣ የገዘር መስመር ሚኒባስ ሹፌር፣ አባል (ዘግይተው የደረሱ)
ወ/ሮ አለምነሽ፣ የግብርና ባለሙያ፣ ጸሐፊ (በሌሉበት የተመረጡ)

ከሰባቱ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አቶ ዶላሞ የገበያ ቀን ስለሆነ ተሳፋሪ አድርሰው እንደሚመጡ በስልክ አሳውቀዋል።

ሰብሳቢው ሲከፍቱ፣ ክበቡ «የዘንዶ ምድር» የተባለውን ጨዋታ ካርታ ዘርግቶ ዓመት ሙሉ ሲጫወት መቆየቱን፣ ባለፈው ወር ግን የምድሪቱ ገንዘብ ዋጋ አጥቶ ጨዋታው መቋረጡን አስታውሰዋል። ወ/ሮ ሐቢባም ከዚያ ወዲህ ቀርተው ዛሬ የመጡት ለመሰናበት እንደሆነ ገልጸዋል፤ ሰብሳቢው ግን የአባላቱ ቁጥር ከሰባት ካነሰ ማዕከሉ ክፍሉን ለፑል ተጫዋቾች እንደሚሰጥ አሳስበዋል።

አጀንዳ 1፦ ወርቁ ለምን ረከሰ?

አቶ አቤኔዘር አንድ ዘንዶ ሲገደል መቶ ወርቅ እንደሚገኝ፣ ዘንዶ በየሳምንቱ እንደሚገደል፣ ወርቁ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት በር እንደሌለ አስረድተዋል። በዚህ የተነሳ አንድ ወርቅ የነበረው ዳቦ ሦስት መቶ ገብቷል። ወ/ሮ ሐቢባ ነገሩ በዘንዶ ብቻ እንደማይሳበብ፣ የምድሪቱን ዳቦ በሙሉ ገዝቶ መጋዘን ውስጥ የቆለፈ ነጋዴ እንዳለ፣ ስሙን ግን ማስመዝገብ እንደማይፈልጉ ተናግረዋል። በዚህ ጊዜ አቶ ዶላሞ ገቡ። ስለምን እንደሚወራ ሳይጠይቁ፣ ንግድ ንግድ ነው አሉ።

ወ/ሮ ሐቢባ በካርታው ላይ ካለው ወንዝ ዳር አንድ መንደር አቋቁመው፣ ጀልባ አሠርተው፣ ጤና ጣቢያ ከፍተው እንደነበረና ሕዝቡ በረሃብ እንደተበተነባቸው አስታወሱ። አቶ ዶላሞ ሕዝቡ ከወረቀት የተቆረጠ መሆኑን ጠቆሙ።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ ወ/ሮ ሐቢባ። «ለእያንዳንዱም ስም አውጥቼለታለሁ።»

ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንዲታለፍ ጠይቀዋል።

አጀንዳ 2፦ ወርቅን የሚተካ ገንዘብ

መምህር ጸጋዬ አሞሌ ጨው በአገራችን ገንዘብ ሆኖ ማገልገሉን በሰፊው አብራርተዋል፤ ጸሐፊዋ ሁሉንም መጻፍ አልቻሉም። ጸሐፊዋ በሙያቸው አስተያየት ሲጠየቁ፣ በዘንዶ ምድር ስምንት ወር ስለሚዘንብ ግምጃ ቤቱ ቀልጦ ወንዝ ይገባል ብለዋል። ሰብሳቢው ዝናቡ ይቀነስ ቢሉም አቶ አቤኔዘር ካርታው በቀለም ስለተሠራ አይቻልም ብለዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ጨው በበጋ ብቻ ገንዘብ እንዲሆን ተወስኗል።

ለክረምቱ አቶ ዶላሞ ፍየልን አቀረቡ። ይህ ገንዘብ በራሱ እግር የሚሄድ፣ ራሱም የሚወልድ ስለሆነ ባንክ አያስፈልገውም ብለዋል። ወ/ሮ ሐቢባ ዳቦ በፍየል የገዛ ሰው መልሱ ምን እንደሚሰጠው ጠየቁ። ዶሮ ተባለ። የዶሮስ መልስ? እንቁላል። እንቁላሉ መንገድ ላይ ቢሰበር ኪሳራው የማን ነው በሚለው ላይ ስምምነት አልተደረሰም። ሆኖም የብሔራዊ ባንኩ ገዥ የእንስሳት ሐኪም እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ በሕዝብ እጅ ያለው ወርቅ

አቶ አቤኔዘር ዘንዶ መግደል ቀርቶ፣ ፎቶውን ማንሳት የሚሻ ለዘንዶው እንዲከፍልና ወርቁ ወደ ዘንዶው ዋሻ እንዲመለስ ሐሳብ አቀረቡ። አንዳንዴ ቱሪስቶችን ወደ ኦሞ ዳር መንደሯ ኮልቾ የሚያመላልሱት አቶ ዶላሞ፣ እዚያ እንደሚደረገው ክፍያው በሰው ሳይሆን በእያንዳንዱ ፎቶ ይታሰብ ብለዋል። ሰብሳቢው በምድሪቱ ካሜራ አለመኖሩን ስላስታወሱ በሠዓሊ ተተክቷል። ዘንዶው ተስሎ እስኪያልቅ ለተቀመጠበት አበል እንዲታሰብለት ተወስኗል።

አጀንዳ 4፦ ሙከራ

ውሳኔዎቹ በአንድ ዙር ጨዋታ እንዲፈተሹ ተደረገ። ወቅቱ ክረምት ሆነ። ወ/ሮ ሐቢባ የነበራቸው አንዲት ፍየል ነበረች፤ ዕጣ ሲያወጡ «በሽታ ገባ» የሚል ወጣባቸውና ሞተች። ባዶ እጃቸውን ከአቶ ዶላሞ መጋዘን በር ደረሱ። ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር።

አቶ ዶላሞ ካርታውን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ የዳቦውን ክምር በሙሉ ወደ ወንዙ ዳር ገፉት።

«ውሰጂ» አሉ።

«በምን ልከፍልህ?»

«ስትችይ ትከፍያለሽ።»

«ባልችልስ?»

«እንግዲህ እስክትችይ እየመጣሽ ትጫወቻለሽ።»

ወ/ሮ ሐቢባ ሳቁ። ቦርሳቸውን አውርደው ወንበር ላይ ሰቀሉ፤ የተበተኑትንም የወረቀት ሰዎች ከሳጥን አውጥተው አንድ በአንድ በስማቸው እየጠሩ መንደሩ ላይ መለሱ። መምህር ጸጋዬ ለእሳቸውም ዱቤ እንዲፈቀድላቸው አመለከቱ። አቶ አቤኔዘር በሕጉ ውስጥ ዱቤ የሚባል ነገር እንደሌለ ቢያሳውቁም የሰማቸው አልነበረም። ጥቂት ቆይተው እሳቸውም ሁለት ዳቦ ተበድረዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ጨዉ ለወጥ ይዋል፤ ፍየሉ ይሰማራ፤ የባንኩ ገዥ ወደ ሕክምናቸው ይመለሱ፤ ዘንዶውም አበል አይጠብቅ። ምድሪቱ ሌላ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ያለ ገንዘብ በዱቤ ትተዳደር።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡50 ተዘግቷል። ተራው የወ/ሮ ሐቢባ ስለነበረ ከክፍሉ የወጣ አባል የለም።