የቆመ መኪና የሚያዳምጡት ሰው

በአራዳ ምድር መኪና ብቻውን ቆሞ አያውቅም። ሞተሩ እንደጠፋ፣ ሾፌሩ ገና ቁልፉን መልሶ ሳያዞር፣ መንገድ ዳር ያለው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። ሎተሪ አዟሪው "ባትሪ ነው" ይላል። ጫማውን የሚያስጠርገው ሰውዬ "ካንዴላ ነው" ይላል። ከታክሲ የወረደችው ሴትዮ እንኳ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ "የወንድሜም እንዲህ ሆኖ ነበር" ብላ ታልፋለች። እነዚህ ግን ተራ አዋቂዎች ናቸው። ሁሉም ተናግረው ሲደክማቸው፣ ግራጫ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ በቀስታ መንገዱን የሚያቋርጡ አንድ ሰው አሉ። የእኔ ሰፈር ሰው ጋሽ ኢስማኤል ናቸው። እናንተም የየራሳችሁ አላችሁ።

ክቡር ጋሽ ኢስማኤል፣ የፒያሳና የአካባቢዋ የቆሙ መኪኖች ዋና መርማሪ፣ መንጃ ፈቃድ የላቸውም። መኪና ኖሯቸው አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ ከወርቅ ቤቶቹ ጎን፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ሰዓት ሲጠግኑ ኖረዋል። ሰዓት ሰሪ ደግሞ ከማየቱ በፊት ይሰማል። መኪናም ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። "ዝም በሉማ! መጀመሪያ እንስማው" ይላሉ፤ ሕዝቡም ዝም ይላል። ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጊዜ ፒያሳ ቆማ እንቅልፍ የወሰዳት ይመስላል። የታክሲ ረዳቶቹ ጥሪ ራቅ ብሎ፣ ከሌላ ከተማ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማል።

አንድ ቅዳሜ ውቤ በረሃ ላይ የሙሽሮች መኪና ቆመ። ሚዜዎቹ ከበሮውን ሊያቆሙ አልፈለጉም። ጋሽ ኢስማኤል በመስኮቱ አጎንብሰው ሙሽራዋን "የኔ ልጅ፣ እስቲ ዝም አሰኚልኝ" አሏት። ሙሽራዋ በቬሏ ውስጥ ሆና አንዴ ስትጮህ ከበሮው ቀጥ አለ። አዳመጡ። "ቤንዚን የለውም" አሉ።

"ጋሼ፣ ግማሽ ይላል እኮ!" አለ ሙሽራው፣ ወደ ጠቋሚው እያሳየ።

"ይላል። ስንት ሰው ነው ያልሆነውን የሚለው" አሉት። አንድ ጀሪካን ሲጨመርበት መኪናው ተነሳ፤ ሙሽሮቹም ወደ ምሳቸው ሄዱ።

ሽንፈትም ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት አንዲት ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና መንገድ መሃል ቀጥ አለች። ጆሯቸውን ከፊት አስጠጉ። ዞረው ከኋላ አስጠጉ። ከዚያ ቀና ብለው ኮፍያቸውን አወለቁና ባለቤቷን "ልጄ፣ ይቺ ስትሄድም ስትቆምም ድምጿ አንድ ነው" አሏት። ሁለት ቀን ሙሉ ማኪያቷቸውን ሳይጠጡ ቀሩ።

ሱቃቸውም ቤታቸውም ከፈረሰ ወዲህ የሚኖሩት ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሆኖም በየማለዳው ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ፒያሳ ይደርሳሉ። አንድ ቀን "ጋሼ፣ እዚያ ሰፈር መኪና የለም እንዴ?" ብላቸው፣ "ሞልቷል። ግን አይቆምም። የሚቆመው እዚህ ነው" አሉኝ።

የእኔ መኪና የቆመው በሐምሌ ነው።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩና መንገዱ በማይለዩበት ጉም ውስጥ፣ አክስቴን ዙህራን ይዤ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ደረስኩ። አክስቴ ያሳደገችኝ ናት። ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ከተጋረዱ አራት ዓመት አልፏቸዋል። የቀኙን ለማስገፈፍ አምስት ወር ተራ ጠብቀናል፤ ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ያረፈደ ተራው ያልፈዋል ተብለናል። ድልድዩን አጋምሰን ሳለ ሰማያዊዋ አሮጌ መኪናዬ አንዴ እንኳ ሳትንተፋተፍ ድርግም አለች። ቁልፉን ባዞረው ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ደግሜ ባዞረውም ያው ነው።

"ምነው ቆምን?" አለች አክስቴ።

"ምንም አይደል፣ አሁን ይነሳል።"

"ባይነሳም ደግ ነው" አለች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ። ያኔ ነገሩን ልብ አላልኩትም።

ሐኪሞቹ ተሰበሰቡ። ባትሪውም ካንዴላውም ተጠሩ። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ግራጫው ኮፍያ፣ ቀጥሎ ጋሽ ኢስማኤል ብቅ አሉ።

"ድልድይ ላይ ምርመራ የለም" አሉ። "እስከ ከሪማ ሻይ ቤት በር ድረስ ግፉት።"

የከሪማ ሻይ ቤት የለም። እሷም ሻይ ቤቷም ከሰፈሩ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ቦታው አሁን የአበባ መደብና የብስክሌት መንገድ ነው። ግን አምስት ሆነን ስንገፋ "የቱ ሻይ ቤት?" ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። በሩ የነበረበት ቦታ ልክ ስንደርስ፣ ማንም ሳያዘን፣ ሁላችንም ቆምን። በባዶው አየር ላይ በሩ የሚታየን ይመስል ነበር።

"የከሪማ በር ደረስን" አለች አክስቴ ከውስጥ።

ጋሽ ኢስማኤል ዘወር ብለው አዩዋት። የድሮ ጎረቤታሞች ናቸው። "ደረስን፣ ዙህራ" አሉ ዝግ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ሲጠፋ ተንፈራገጠ ወይስ ዝም ብሎ ሄደ?"

"ዝም ብሎ።"

"መብራቱስ?"

"ይበራል። ሞተሪኖውም ይዞራል።"

"እንግዲያው ባትሪው ደህና ነው፤ አንተ ሎተሪህን ሽጥ" አሉ ወደ አዟሪው። "ሙሄ፣ አሁን ቁልፉን ግማሽ ብቻ አዙረው። እንዳታስነሳ። ሌላው ዝም በሉማ!"

አዞርኩት። የኋላውን በር ከፍተው፣ ቤንዚን መያዣው ባለበት በኩል ወንበሩ ላይ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ካፊያው ጣሪያው ላይ ሲያርፍ ይሰማል። ሌላ ምንም የለም።

"እዚህ ጋ አንዴ እዝዝ ማለት ነበረበት" አሉ። "ፓምፑ ቤንዚን ወደ ሞተሩ አልላከም። ወይ ሞቷል፣ ወይ የሚቀሰቅሰው አጥቷል።"

ኮፈኑን አስከፈቱኝ። ከፊውዞቹ ሳጥን ውስጥ ከክብሪት ቀፎ የምታንስ ጥቁር ነገር ነቀሉ። "ይቺ ሪሌ ናት፤ ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የምታቀብለው እሷ ናት። መንትያዋ ደግሞ ይቺውና፤ የክላክሱ።" ሁለቱን አቀያየሯቸው። "አሁን ግማሽ አዙር።"

ከኋላ ወንበሩ ሥር፣ ከእንቅልፉ እንደሚነሳ ሰው፣ እዝዝዝ የሚል ድምፅ መጣ። ሞተሩም ተነሳ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ካንዴላ ያለው ሰውዬ ሳይቀር።

"ክላክስ ግን የለህም" አሉ ጋሽ ኢስማኤል። "በዚህ ጉም ያለ ክላክስ አትሄድም።" ብለው ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። መስኮቱን አውርደው ራሳቸውን አወጡና ፒያሳን እየሰነጠቅን ስንወጣ "ዞር በሉ! ታካሚ አለ! ዞር በሉ!" እያሉ ይጮሁ ጀመር። ታካሚዋ አክስቴ ትሁን መኪናዋ እስካሁን አልጠየቅኳቸውም። ለሦስት አሥር ጉዳይ ሲል ሐኪም ቤቱ በር ላይ ነበርን።

ነርሷ የአክስቴን ስም ጠራች። አክስቴ አልተነሳችም።

"አክስቴ፣ አንቺን ነው።"

"አልገባም።"

"ፈርተሽ ነው?"

"ምላጩን አልፈራም።" እጄን ፈልጋ ያዘችው። "ሙሄ፣ እኔ ሰፈሩ ሲፈርስ አላየሁም። ነግራችሁኛል፣ ሰምቻለሁ። ግን ዓይኔ ላይ ሁሉም እንዳለ ነው። ከሪማ በሯ ላይ ቆማለች። ልብስ ሰፊው የሲን ልብሱን ሰቅሏል። ይሄን ሞራ ስትገፍፉት እነሱ የት ይሄዳሉ?"

ነርሷ ሁለተኛ ጠራች፤ ከእኛ ቀጥሎ ያሉት ሰውዬ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ጋሽ ኢስማኤል መጥተው ከአክስቴ ጎን ተቀመጡ። ፊታቸው ከድልድዩ አጠገብ እንደነበረው ሆነ፤ የሚያዳምጡበት ፊት።

"መጀመሪያ የጠፋብሽ ምንድን ነው?" አሏት።

"ምን?"

"ዓይንሽ ሲደክም። መጀመሪያ ማየት ያቃተሽ።"

አሰበች። "የመርፌ ቀዳዳ። ከዚያ የቁርአኔ ፊደል። ከዚያ የዚህ ልጅ ፊት።"

"የእኔስ?"

"የአንተን ፊት ማን ብሎት" አለች፤ ነርሷም ሳቋ አመለጣት።

"ስሚኝ ዙህራ" አሉ። "እኔ በየቀኑ እዚያ እሄዳለሁ። ሁለቱም ዓይኖቼ ይሠራሉ። የፈረሰውን አያለሁ። የነበረውንም አያለሁ። አንዱ አንዱን አላባረረውም። እዚያው ተደራርበው አሉ። የዚህን ልጅ ፊት ግን ሳታዪው እያረጀ ነው።"

አክስቴ ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዘወር ብላ "ኮፍያህን አውልቅ፣ ሐኪም ቤት ነው" አለቻቸው። ኮፍያ ማድረጋቸውን አላየችም፤ ልማዳቸውን ታውቃለች። ጋሽ ኢስማኤልም እንደታዘዙት ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እሷ እስክትወጣ ድረስ ጭናቸው ላይ ይዘውት ተቀመጡ።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሳላት መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ጉንጬን በመዳፏ ይዛ "ከስተሃል" አለችኝ። ለአራት ዓመት ያጠራቀመችው ይህን ነው። እኔም ወደ ግድግዳው ዞሬ አፍንጫዬን ጠረግኩ።

ስንመለስ በድልድዩ በኩል አለፍን። ጉሙ ተገፏል። አክስቴ ፊቷን መስታወቱ ላይ አስጠግታ አየች፤ አበባውን፣ ሰፊውን ንጣፍ፣ ባዶውን ሰማይ። ጋሽ ኢስማኤል ያን ቀንም ክላክስ ሊሆኑን መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል።

"መንገዱ ሰፍቷል" አለች። ጣቷን ወደ ባዶው ቦታ ቀስራ "ከሪማ ግን እዚያው ናት" አለች።

ጋሽ ኢስማኤል አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አውርደኝ አሉ። አክስቴ "ቤቱ ድረስ አድርሰው" አለችኝ፤ አደረስኳቸው። ጋሽ ኢስማኤል ከሚሄድ መኪና ጋር ብዙም አይተዋወቁም። ሞተሩ ሳይንገራገጭ አንድ ዓይነት ድምፅ እያሰማ ሲሄድ ጥቂት አዳመጡት፤ ከዚያ ራሳቸው ወደ መስኮቱ ዘንበል አለ፤ ተኙ። አክስቴ ወደ ኋላ ዞራ ፊታቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

"ሙሄ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ሽማግሌ ሆኗል" አለች። "ድምፁ አላረጀም ነበር።"

ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ገብተን የእሳቸው ሕንፃ ሥር ስንደርስ ፍሬን ልይዝ እግሬን አነሳሁ።

"እንዳታቆመው" አለች አክስቴ በሹክሹክታ። "መኪና ከቆመ ይነቃል።"

አለፍኩት። ሕንፃዎቹን አንድ ጊዜ ዞርኩ። ዘበኛው ሰላም አለኝ። ሁለተኛ ዞርኩ። በሦስተኛው ዘበኛው "ምን ፈልጋችሁ ነው?" እንደማለት እጁን አነሳ። አክስቴ በአንድ ዓይኗ ትክ ብላ አይታው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። በአራተኛው ዝም ብሎ አሳለፈን።